የሚጥለኝ በሽታና የጉለሌዋ ጸሎት ቤት

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የግራ እጄ አውራ ጣት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ክረምት፣ ጉለሌ በሚገኘው ቤታችን ከአባቴ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጬ ማግ በቀሰም ላይ አጠነጥን ነበር። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። ጣቴ ብቻዋን ትዘል ጀመር። እንድትቆም በቀኝ እጄ ጨበጥኳት፤ አልቆመችም። ወዲያው ፀጉር ሲቃጠል የሚሸት ዓይነት ሽታ መጣብኝ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የተቃጠለው?» አልኩት።

የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ጣቴም ተወች፣ ሽታውም ጠፋ። ብርድ ነው ተባለና ዝንጅብል ተፈልቶልኝ ጠጣሁ።

ታሪኬን ከጣቴ የምጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ በሽታ ብዙ ሰው ላይ ከመጣሉ በፊት ምልክት ያሳያል። ምልክቱን ያወቀ ሰው መሬት ላይ ለመቀመጥ፣ ከእሳት ለመራቅ ጥቂት ጊዜ ያገኛል። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ለሁለተኛ ጊዜ የመጣብኝ ምንጭ ላይ ነው። እንስራዬን እየሞላሁ ነበር። ጣቴ ዘለለች፣ ሽታው መጣ፣ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው። ምላሴን ነክሼዋለሁ። ቀሚሴ ረጥቧል፤ የምንጩ ውሃ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። ሴቶቹ ከበውኝ ቆመዋል፤ በእኔና በእነሱ መካከል አሥር እርምጃ ይሆናል። አንዷ ክብሪት ጭራ አሽትታኝ ኖሮ የአፍንጫዬ ጫፍ ተለብልቧል። «አረፋውን እንዳትነኩ!» ትላለች ሌላዋ። ተነስቼ ወደ ቤት ስሄድ አንዲትም ሴት አልተከተለችኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ተለወጠ። አስናቀች መሆኔ ቀርቶ «የሚጥላት» ሆንኩ። ያጨኝ ሰው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱ። እናቴ እንጦጦ ወጥታ ጠበል አስጠመቀችኝ። የነፍስ አባታችን ደግ ሰው ነበሩ፤ «በሽታ ነው እንጂ ነውር አይደለም፣ ልጅሽን አትደብቂያት» ብለዋታል። እናቴ ግን ፈራች። ሦስት ታናናሾች ነበሩኝና ለእነሱ ፈራች። ለእኔ ብቻ አንድ ጣሳ ለየችና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ዛሬ አልፈርድባትም። ያኔ ግን ውሃ በጠማኝ ቁጥር ወደዚያ ጣሳ መሄድ ከመውደቁ ይብስብኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት ነበርን። ግቢው ውስጥ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ሽንኩርት እንድልጥ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ።

ጣቴ ዘለለች። ሽታው መጣ። ልነሳ አልኩ። አልቻልኩም።

እሳቱ ላይ ወደቅሁ። በግራ እጄ ወደቅሁ። ሰው ነበረ። ግቢው ሙሉ ሰው ነበረ። በሽታው የያዛትን የነካ ይያዛል ይባላል። ቆመው አዩ። ጮኹ። አለቀሱ። አልነኩኝም።

ያወጣኝ መንገደኛ ነው። አቶ ጉዲና ይባላሉ፤ የወለጋ ሰው ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ጩኸት ሰምተው ገብተው በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጡኝ። ጉለሌ በነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ብዙ ዓመት ቁስል ጠራጊ ነበሩ። ጣሊያን ሆስፒታሉን ሲወስደው ከሥራ ወጥተው እንጨት እየፈለጡ ይኖሩ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ነቅቼ ያየሁት፣ አንድ የማላውቀው ሰው ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ የራሱን ነጠላ ቀድዶ እጄን ሲሸፍን ነበር።

ጋሼ ጉዲና ሰባት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ተመላለሱ። ውሃ ያፈላሉ፣ ጨርቁን ይቀቅላሉ፣ ቫዝሊን ቀብተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ይጠቀልላሉ። «አብሬ ከጠቀለልኳቸው ይጣበቃሉ» አሉኝ። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ትናንሾቹ ተቆልምመው ቀሩ። ሦስቱ ግን ይሠራሉ፤ ይህንንም የምጽፈው ወረቀቱን በእነሱ ይዤ ነው።

በዚያው ሰሞን ከሚሲዮኑ ሐኪሞች የመጨረሻው ከአገር እንዲወጡ ታዘው ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር። ጋሼ ጉዲና እኔንና አባቴን ወሰዱን። ሐኪሙ በሣጥኖች መካከል ወንበር ፈልገው አስቀመጡኝና በተሰባበረ አማርኛ «ከመውደቅሽ በፊት ምን ይሰማሻል?» አሉኝ። ስለ መውደቄ ሁሉም ሰው ያወራል፤ ምን እንደሚሰማኝ ግን እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ አልነበረም። ስለ ጣቴና ስለ ሽታው ነገርኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስላገኘኝ ነገር ሁሉ ጠየቁ። አባቴ፣ በሰባት ዓመቴ ከኮርቻ ወድቄ ሁለት ቀን ሳልነቃ መቅረቴን አስታወሰ።

«ይህ ኤፒሌፕሲ ይባላል» አሉ። «የአንጎል በሽታ ነው። ጋኔን አይደለም። በአረፋም፣ በትንፋሽም፣ በምንም አይተላለፍም።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው ደገሙት። «አይተላለፍም።»

ሉሚናል የሚባል ክኒን በቡናማ ጠርሙስ ሰጡኝ። ማታ ማታ አንድ። «ተሻለኝ ብለሽ በድንገት እንዳታቆሚ። በድንገት ካቆምሽ ሊገድልሽ ይችላል።» ይህን ሦስት ጊዜ ነው ያሉኝ። በማግስቱ ሄዱ።

ክኒኑ መጀመሪያ ላይ ያፈዘኝ ነበር፤ ቀን ተቀምጬ እተኛለሁ፣ ቃል ይጠፋብኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀለለኝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጥለኝ የነበረው በወር አንድ ጊዜ ሆነ።

ጋሼ ጉዲና አንድ ቀን ፋሻውን እየፈቱ «እሁድ እኛ ጋ ነዪ» አሉኝ። «እኛ» ያሉት በሚሲዮኑ ግቢ ጥግ፣ ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በፊት የተሠራች ጭቃ ቤት ነች፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር። ፕሪስቢቴሪያን መባሏን ሲነግሩኝ ቃሉ ለአፌ ከበደኝ። ትርጉሙን ጠየቅኋቸው።

«ሽማግሌዎች የሚመሯት ማለት ነው።»

«ፈረንጆቹ ሄደው የለም እንዴ? አሁን ማን ይመራታል?»

«ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ?» አሉኝና ሳቁ። «እኔ አንዱ ነኝ፤ ይኸው አለሁ።»

እናቴ አልተቃወመችም፤ «ማተብሽን ብቻ እንዳትበጥሺ» አለችኝ። በጥሺ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

የመጀመሪያው እሁድ ጋቢ ተከናንቤ ውጭ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ልምዴ ነበር፤ በምሄድበት ሁሉ መውጫ አጠገብ እቀመጣለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት መጥተው ፊቴ ቆሙ። እማማ ጫልቱ ይባላሉ፤ የዚያው የጉለሌ ኮረብታ ልጅ ናቸው፣ ልብስ በማጠብ ይኖሩ ነበር።

«ለምን እዚህ?» አሉኝ።

«ይጥለኛል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ጉዲና ነግሮናል። ውስጥስ ቢጥልሽ? ወለሉ ያው አፈር ነው።» ክንዴን ይዘው አስገቡኝና ሁለተኛው ወንበር ላይ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሃያ የምንሆን ነበርን፤ እንጨት ተሸካሚ፣ አናጢ፣ ከሆስፒታሉ የተባረሩ ሠራተኞች። የሚዘምሩት ዳዊት ነው፤ አንዱን አማርኛ፣ አንዱን ኦሮምኛ።

በሦስተኛው እሁድ በመዝሙሩ መሃል ጣቴ ዘለለች። የእማማ ጫልቱን ነጠላ ጨበጥኩ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ። ጭንቅላቴ ሥር የታጠፈ ጋቢ አለ። የክብሪት ሽታ የለም። አፌ ውስጥ የገባ ነገር የለም። ቀሚሴ ላይ ነጠላ ተጥሎ ሸፍኖኛል። ማንም አልሸሸም፤ ሁሉም እዚያው ናቸው፣ ይዘምራሉም። ያንኑ መዝሙር ነው። ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረውታል፤ ጨርሰው ቢቆሙ በዝምታ መሃል እንዳልነቃ ብለው። ጋሼ ጉዲና ነበሩ አስቀድመው ያስተማሯቸው፤ ማን ጭንቅላቴን እንደሚይዝ፣ ማን ወንበሩን እንደሚያነሳ ሳይቀር ተከፋፍለው ነበር።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። የቀረውን አብሬ ዘመርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጫ አጠገብ ተቀምጬ አላውቅም፤ የትም።

የካቲት መጣ። የዚያን የካቲት ነገር የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፤ ጉለሌም ቤት ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ። ከወንበሮቻችን ላይ ሦስት ሰው ቀረ፣ አልተመለሰም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች ከአስተርጓሚ ጋር እሁድ ጠዋት መጡ። ሹሙ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መሰብሰብ ክልክል ነው፣ ቤቱ ይታሸጋል አለ። በሩ ላይ ሁለት ሳንቃ አጋድመው ቸነከሩበት። ጋሼ ጉዲና ቆመው ምስማሩ ሲገባ አዩና አስተርጓሚውን «በሩን ነው ያሸጋችሁት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ይቺውና፣ ደጅ ቆማለች በልልኝ» አሉት። አስተርጓሚው አልተረጎመም። ለእሱም ለእኛም ደግ አደረገ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ለአባቴ ሁሉን ነገርኩት። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ሸማኔ በመሆኑ ስንቱ ሲሰድበው፣ ስንቱ ቤት እንዳይገባ ሲከለክለው ኖሯል፤ መልስ ሲሰጥ ግን ሰምቼው አላውቅም። በልቶ እጁን ታጠበና «እዚህ ይምጡ» አለ።

«አባባ፣ ካወቁ ይሰቅሉሃል።»

«ልጄን ከእሳት ያወጣ ሰው ደጅ አይቆምም» አለኝ። «እሁድ ግን አይሆንም። እሁድ ሸማኔ አይሠራም፤ መዝሙሩ ይሰማል። ረቡዕ ከሰዓት ይምጡ።»

እንዲህ ሆነ። ረቡዕ ረቡዕ አባቴና ሁለት አጎቶቼ ጉድጓዳቸው ገብተው ሲሸምኑ፣ እኛ በሽመናው ድምፅ ሥር ዳዊት እንዘምራለን። ጥጥ ሊገዙ፣ ኩታ ሊያሠሩ የመጡ መስለው ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ እምነቴን ጠይቀው ከማኅበሩ ቆጠሩኝ። በዚያው ዕለት የጌታ እራት ነበር። ዘቢብ ተጨምቆ በአንድ ጽዋ ቀረበ። ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄ አልሄድ አለ። ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰው የጠጣበት ዕቃ አፌን ነክቶ አያውቅማ።

እማማ ጫልቱ «ጠጪና ስጪኝ» አሉ። ጠጣሁና ሰጠኋቸው። አልጠረጉትም። ጠጡ።

እናቴ በጓዳው በር ቆማ ታያለች። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ስጠይቃት በራሷ ኩባያ ሰጠችኝ።

ሉሚናሉ እየጎደለ ሄደ። ክኒኑን ለሁለት፣ ኋላም ለአራት ከፈልኩት። ጋሼ ጉዲና የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ጠየቁ፤ የለም። ሐምሌ ላይ የመጨረሻዋን ሩብ ዋጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ያዘኝ።

ለቀቀኝ። ሳልነቃ ደገመኝ። ደግሞ ለቀቀኝ። ደግሞ ያዘኝ። ጋሼ ጉዲና ተጠሩ። ቆጠሩ። እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ያዘኝ። ከንፈሬ ጠቆረ። በመካከል ዓይኔን አልገለጥኩም። ጋሼ ጉዲና ለአባቴ «ካልቆመ ዛሬ ትሞታለች» አሉት።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ አባቴና እማማ ጫልቱ ናቸው። መድኃኒቱ ያለው ጣሊያን በወሰደው በቀድሞው ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጥቂት ሰው በላይ ተሰብስቦ መሄድ ክልክል ነው። በጓሮ፣ ተደብቀን እንውሰዳት ያለ ነበር። እማማ ጫልቱ እምቢ አሉ። «ሌባ ነን እንዴ? በዋናው መንገድ እንወስዳታለን።» ቃሬዛ አሠሩ። አራት ሰው ተሸከመ፣ የቀረው ተከተለ። እየዘመሩ ወጡ።

ኬላው ላይ ወታደሩ አስቆማቸው። አስተርጓሚው «ለቅሶ ነው?» አለ።

«አይደለም፣ ታማሚ ናት» አሉ እማማ ጫልቱ።

«ታዲያ ምን ያዘምራችኋል?»

«እንድትሰማን።»

ወታደሩ ጋቢውን ገልጦ አየኝ። በዚያው ቅጽበት ያዘኝ። ወታደሩ ወደ ኋላ ዘለለ። አባቴ ቃሬዛውን አስቀምጦ በጎኔ አዞረኝ፤ አረፋውን በመዳፉ ጠረገው። የገዛ አባቴ በዚያ ሁኔታ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር። ወታደሩ በእጁ እለፉ አለ።

የሆስፒታሉ በር ጠባቂ እብድ አናስገባም ብሎ ከለከለ። አልሄዱም። በሩ ላይ ቆመው ዘመሩ። በመጨረሻ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ጩኸቱ ምንድን ነው ብሎ ወጣ። አየኝ፤ ተንበርክኮ የዓይኔን ሽፋን ገለጠ። ቀና አለና በአስተርጓሚ በኩል «በጎኗ ያስተኛት ማነው? አፏ ውስጥ ምንም ያልከተተው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ጉዲና።

«የት ተማርክ?»

«እዚሁ ቤት። እናንተ ሳትወስዱት በፊት።»

አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ብቻ ተርጉሞ ተወው። ጋሼ ጉዲና «ጨርሰው» አሉት። ጨረሰው። ሐኪሙ ወደ በር ጠባቂው ዞረ። ከዚያ «አስገቧት» አለ። ሉሚናል በመርፌ ወጋኝ። ከሰዓት በኋላ ቆመ።

ጋሼ ጉዲናን ግን ከዚያው በር ላይ ካራቢኔሪዎች ወሰዷቸው። ሰው ሰብስበሃል ተብለው አራት ወር ታሰሩ።

ሁለት ቀን ተኝቼ ስነቃ የማውቀው ጥቂት ነበር፤ የታናናሾቼ ስም እንኳ ጠፍቶብኝ በስድስተኛው ቀን ነው የተመለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ግን እየዳንኩ የሄድኩበት ጊዜ ረጅምና ቀስ ያለ፣ ዛሬ ሳስበው ደስ የሚለኝ ጊዜ ነበር፤ መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ ከዚያ የእማማ ጫልቱን ትከሻ ይዤ፣ በመጨረሻም ብቻዬን እስከ ምንጩ ወርጄ ለመመለስ በቃሁ። ያ ጣሊያናዊ ሐኪም እስኪዛወር ድረስ በየወሩ ክኒን ሰጠኝ፤ ደግነቱን አልክድም፣ የመጣበትንም ሠራዊት አልመርቅም። ጋሼ ጉዲና በታሰሩበት ወራት ረቡዕ ረቡዕ ዳዊቱን የማነበው እኔ ሆንኩ፣ ከጸሎት ቤቱ ልጆች ጋር ፊደል ቆጥሬ ስለነበር፤ ሳነብ ቃል ከጠፋብኝ ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቁኛል እንጂ አንድም ሰው አይቀድመኝም ነበር። እሳቸው ከስተው፣ ጢማቸው ነጭ ሆኖ ሲመለሱ በቀጥታ የመጡት ወደ ሽመናው ቤት ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝም «ክኒኑን ዋጥሽ?» ብለው ነው።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን አባቴ ጉጠት ይዞ ሄዶ ከበሩ ላይ ምስማሩን ነቀለው። ዝናብ ገብቶ ወንበሮቹ ሻግተው ነበር፤ ፀሐይ ላይ አውጥተን ፈተግናቸው።

ዛሬ አርጅቻለሁ። በሽታው ሙሉ በሙሉ ለቆኝ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ለብዙ ዘመን በዓመት አንድ ሁለቴ ይመጣ ነበር፣ አሁን ከመጣ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቴን እስከ ዛሬ እውጣለሁ። ጋሼ ጉዲናን፣ እማማ ጫልቱን፣ አባቴን አፈር በልቷቸዋል፤ ምስጋናዬን በቁማቸው ነግሬያቸዋለሁና አይቆጨኝም። ስማቸው የማይጻፍ ያን ቃሬዛ የተሸከሙትን ሁሉ፣ ስለ ክርስቶስ ብለው የማያውቋትን የሸማኔ ልጅ ስለተሸከሙ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ይህ በሽታ ያለብሽ እህቴ፣ ያለብህ ወንድሜ፤ ምልክትህን እወቅ፣ ለቤተሰብህም ንገር። ብቻህን እሳት አጠገብና ውሃ ዳር አትዋል። መድኃኒትህ ሳያልቅ ቀድመህ ፈልግ፤ ሐኪም ሳያዝህ አታቋርጥ። አጠገቡ ያላችሁ ደግሞ፤ በጎኑ አዙሩት፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት አትጫሩበት፣ እስኪነቃ ከአጠገቡ አትሂዱ። አንዱ ሳይለቀው ሌላው ከደገመው፣ ወይም ቶሎ አልለቅ ካለው፣ ይተዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ሐኪም አሩጡት። አንቺ ግን እህቴ፣ ሰው እንዳያይሽ ብለሽ አትደበቂ። ለቅሶም ሂጂ፣ ሠርግም ሂጂ፣ ቤተ እግዚአብሔርም ግቢ። መውደቁ ካልቀረ፣ በሰው መሃል ውደቂ።